የተጎታቹ አይጦች

ቶሎሳን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር። የሰፈሩ ሰው ጓድ ስብሐት አሰረው ይላል፤ ጓድ ስብሐት ግን የቀበሌ ሊቀመንበር ነው፣ ጥቆማ የደረሰበትን ሰው ያስራል። የጠቆምኩት እኔ ነኝ።

ሥራዬ ሽመና ነው። ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈራችን ሠላሳ ዓመት ጉድጓድ ውስጥ እግሬን ሰድጄ ሸምኛለሁ። ሚስቴ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልጅ አልወለድንም። ጠባዬን ለሚጠይቅ፣ ተጠራጣሪ ነኝ። አባቴ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» እያለ ነው ያሳደገኝ፤ እኔም ምክሩን እንደ ርስት ይዤው ኖርኩ። ሰላም ያለኝ ሰው ካለፈ በኋላ ዞሬ አየዋለሁ። ሚስቴ በሕይወት ሳለች «አንተ ሰውዬ፣ ገነት ብትገባ እንኳ በሩን ማን ከፈተው ብለህ ትጠይቃለህ» ትለኝ ነበር። በዚያ ዘመን ግን መጠራጠር ነውር አልነበረም። በየስብሰባው «ነቅታችሁ ጠብቁ» ይባላል። ዕድሜዬን ሙሉ ያሰደበኝ ጠባይ በስተርጅና ምስጋና ያመጣልኝ ጀመር፤ እኔም አልጠላሁትም።

ተጎታቹ የፈረንጅ ነበር። የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር አንድ ረጅም ፈረንጅ ከላንድሮቨሩ ኋላ እያሰረ አገር ላገር ይዞት ይዞር ነበር። አልጋ አለው፣ ጠረጴዛ አለው፣ ማብሰያ አለው፤ ቤት ነው እንግዲህ፣ ጎማ ያለው ቤት። በስልሳ ሰባት ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ግቢው የቀበሌ ሆነ፣ ተጎታቹም አብሮ የቀበሌ ሆነ። በባሕር ዛፉ አጥርና በቶሎሳ ቤት መካከል ጎማው ተንፍሶ፣ ነጭ ቀለሙ እየተላጠ ብዙ ዓመት ቆመ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ቀበሌው ዝናብ የማያስገባ ቤት ቸገረው። አልጋውን አስወጡና መማሪያ መጻሕፍቱን፣ ደብተሩንና ጠመኔውን እዚያ ከተቱት። ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ።

ለእኔ የሰጡኝ ቤቴ ፊት ለፊቱ ስለሆነ ነው። እኔ ግን የማረጋገጫ ወረቀት ያገኘሁ ያህል ኮራሁ። እኔም እኮ ተማሪ ነበርኩ። በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ ከልጆች ጋር አግዳሚ ላይ ተደርድሬ፣ ስሜን መጻፍ የቻልኩት በእነዚያ መጻሕፍት ነው። ዓለሜ። የመጀመሪያ ቀን ጽፌው አየሁትና እንባዬ መጣ፤ ጠመኔ ገባብኝ አልኩ።

አይጦቹ የመጡት በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት፣ ብርዱ ሲጠና ነው። አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ከታች የነበረው የመጽሐፍ እስር ጥጉ ተፈርፍሮ ወለሉ ላይ ነጭ ብናኝ ሆኗል። ሀ ያለበት ገጽ አልቋል፣ ለ ግማሹ ተበልቷል። ሄጄ ለጓድ ስብሐት ነገርኩት። በኅዳር መጨረሻ ቀበሌዎችን ከሚያዝዘው ከከፍተኛው ተቆጣጣሪዎች ይመጡ ነበርና ፊቱ ጠቆረ። «ጓድ ዓለሜ፣ የሕዝብ ንብረት ነው። ከእንግዲህ አንድ መጽሐፍ ቢጎዳ አይጥ በላው የሚል ወሬ አልሰማም፤ አሻጥር ነው የምለው» አለኝ። ልጄ የሚሆን ሰው አንተ እያለ ሲያስጠነቅቀኝ ደሜ ፈላ። ግን አሻጥር የሚለውን ቃል የዚያን ጊዜ ሰው ያውቀዋል። ስሙ ከዚያ ቃል ጋር የተጠራ ሰው እቤቱ አያድርም።

ስለዚህ ሽመናውን ትቼ የአይጥ ዘበኛ ሆንኩ። መጀመሪያ ዙሪያውን ያለውን ሣር አጨድኩ። የመጎተቻው ብረት አጥሩ ላይ ተደግፎ ድልድይ ሆኗቸው ነበር፤ አንስቼ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ተጎታቹን የሚደግፉትን አራት የብረት እግሮች አንድ በአንድ የተቃጠለ ዘይት በሞላ ጣሳ ውስጥ አቆምኳቸው፤ ስኳር ከጉንዳን እንደምናስጥለው ማለት ነው። ጎማዎቹን ላምባ ውስጥ በተነከረ ጨርቅ ጠመጠምኳቸው። ባለሱቋ ኡሙሀኒ ድመቷን አዋሰችኝ። ከዚያ በጀርባዬ ተንሸራትቼ ከሥር ገባሁ። የፈረንጁ የውሃ ቧንቧና የመብራት ሽቦ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ነበሩ፣ አንዳንዱ አውራ ጣት የሚያስገባ። አይጥ ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው አካሏ አያስቸግራትም። ስድስት ቀዳዳ ቆጠርኩ። ሁሉንም በድር ቁራጭ ደፈንኩ። ሸማ ተጠናቆ ሲቆረጥ ከጫፉ የሚተርፈው ድር እቤቴ በከረጢት ነው ያለው፤ ደረቅ ነው፣ ሲጠቀጠቅ እንጨት ይሆናል። ሌሎቹ ሸማኔዎች እግሬን ከተጎታቹ ሥር ወጥቶ እያዩ «ጋሽ ዓለሜ፣ ሹፌሩስ የት ሄደ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ሦስት ቀን ሰላም ሆነ። በአራተኛው ቀን ሁለት እስር ተበላ። በስድስተኛው ቀን አራት።

እንግዲህ እኔ እንዲህ አሰብኩ። ሣሩ ታጭዷል፣ ድልድዩ ተነሥቷል፣ እግሩ ዘይት ውስጥ ነው፣ ቀዳዳው ተደፍኗል። ይህን ሁሉ አልፎ የገባ አይጥ በራሱ እግር አልገባም፤ ሰው ነው ያስገባው። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ድመቷን ነው። ጠግባ ትተኛለች፣ አይጥ ስትይዝ ግን አላየሁም፤ ማን ይቀልባታል? ከድመቷ ወደ ኡሙሀኒ አለፍኩ። ሱቅ ስኳርና ቡና የሚጠቀለልበት ወረቀት ይፈልጋል፣ የተበላ መጽሐፍ ደግሞ ወረቀት ነው። ሁለት ቀን ሱቋ በር ላይ ቆሜ የምትጠቀልልበትን ወረቀት አየሁ። የጋዜጣ ወረቀት ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ወንበር አውጥታ ሰጠችኝ፤ ተነሥቼ ሄድኩ።

ከዚያ ቶሎሳ ላይ ደረስኩ።

ቶሎሳ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆን ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከሚስቱ ከጸሐይ ጋር ከተጎታቹ አጠገብ ይኖራል። ዳቦ ቤት ነው የሚሠራው፣ ዱቄት ከቅንድቡ አይጠፋም። ጴንጤ ነው። የጸሎት ቤታቸው ባለፈው ዓመት ታሽጎ ነበርና በዓይነ ቁራኛ የሚታዩ ሰዎች ነበሩ። ሚስቴ ከሞተች ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ዳቦ ደጄ ላይ ያስቀምጥልኝ ነበር፤ አንድም ቀን ስለ እምነቱ አላነሣብኝም። ይህ ነው ያስጠረጠረኝ። ሳይለምኑት የሚሰጥ፣ ሰጥቶም የማይጠይቅ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ በመስኮቴ ማየት ጀመርኩ። ሦስት ጠዋት በተከታታይ ቶሎሳ ጋቢውን ተከናንቦ ከተጎታቹ ኋላ ሲወጣ፣ ግራና ቀኝ አይቶ እቤቱ ሲገባ አየሁት። ወደ ሥራ እስኪሄድ ጠበቅኩና በተጎታቹና በአጥሩ መካከል ያለችውን ጠባብ ቦታ መረመርኩ። አፈሩ ላይ የዱቄት ብናኝ አለ። አጠገቡ ሁለት ሁለት ሆነው የተጫኑ ክብ ጎድጓዳ ምልክቶች አሉ፤ አምስት ጥንድ ናቸው። ለአይጥ ጉድጓድ እየጀመረላት፣ ዱቄት እየበተነ ሲስባት ታየኝ። ለምን ቢሉ፣ መጽሐፉ የመንግሥት ነው፣ እሱ ደግሞ ጸሎት ቤቱ የታሸገበት ሰው ነው። ነገሩ እንደ ሸማ ጥለት ገጠመልኝ።

በዚያው ማታ ከሥራ ሲመለስ መንገድ ላይ አስቆምኩት። ጠዋት ጠዋት ከተጎታቹ ኋላ ምን እንደሚሠራ ጠየቅኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምንም፣ ጋሽ ዓለሜ። ጭራሮ እለቅማለሁ» አለኝ።

ሦስቱንም ቀን ባዶ እጁን ነው ያየሁት። ውሸቱን ያዝኩበት። እውነቱን ግን ጠይቄ አላገኘሁትም፣ ከራሴ ሞላሁት። በማግስቱ ለጓድ ስብሐት ሄጄ ያየሁትን ሁሉ ነገርኩ፤ ዱቄቱን፣ ጉድጓዱን፣ ሰዓቱን። ሲመሽ አብዮት ጠባቂዎች መጡ። ቶሎሳ ሲወሰድ በሬ ላይ ቆሜ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፣ ምንም አላለኝም። ቀበሌው ውስጥም ምንም አላላቸውም አሉ፤ ከኋላው ምን ትሠራ ነበር ሲባል መሬት መሬት ያያል። ዝምታው ደግሞ ለጓድ ስብሐት እንደ ማመን ተቆጠረለት። ሰኞ ለከፍተኛው ሊያስተላልፈው ወሰነ። ከቀበሌ ሰው በምልጃ ይወጣል፤ ወደ ከፍተኛ ከተላለፈ ግን እዚያ ብቻ አይቀርም፣ የት እንደደረሰ የሚነግራችሁም አይገኝም።

ጸሐይ በየቀኑ ምሳውን በሳህን ቋጥራ በደጄ ታልፍ ነበር። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። «እንደምን አደሩ፣ ጋሽ ዓለሜ» ትለኛለች። ስድቡ በተሻለኝ። ኡሙሀኒ ጋ ሳሙና ልገዛ ስገባ ሳሙናውን እየሰጠችኝ፣ ፊቴን ሳታይ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለች። እሷንም እንደገና ጠረጠርኳት።

ችግሩ አይጦቹ ያልታሰሩ መሆናቸው ነው። ቶሎሳ ከታሰረ አምስት ቀን ሆኖታል፣ መጽሐፉ ግን ይበላል፤ እንዲያውም ብሶበታል። ታዲያ እኔ ምን አልኩ? ተሳስቼ ይሆን አላልኩም። ጸሐይ የባሏን ሥራ ተረክባለች አልኩ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ እሷ ምሳ ልታደርስ ስትሄድ፣ የእጇን ምልክት አገኛለሁ ብዬ ከተጎታቹ ሥር ገባሁ።

የመጀመሪያውን ውታፍ ሳብ ሳደርገው ተንሸራቶ ወጣ። ከውስጡ ሞቅ ያለ ነገር እጄ ላይ ወደቀ። ፀጉር ያላበቀሉ፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ ጣት የሚያካክሉ ሰባት የአይጥ ግልገሎች። ደንግጬ ጣልኳቸው። ከዚያ ውታፉን በሁለት ጣቴ አሸሁት።

ሸማኔ ያልሆነ ሰው ይህን አያውቅ ይሆናል። ድር እንዲሁ አይዘረጋም፤ ይበጠሳል። ከመዘርጋቱ በፊት በቀጭን የዱቄት ሙቅ ይለወስና ይደርቃል፤ የሚጠነክረው በዚያ ነው። ሠላሳ ዓመት ስንለውሰው ኖረን ድሩ ውስጥ ምግብ እንዳለ ረስተነዋል፤ ለእኛ ክር ነው። እኔ እንጨት አድርጌ የጠቀጠቅኩት ክር አሁን እንደ ባዘቶ ለስልሷል። ሙቁ የለም፤ ልሰውታል። ስድስቱንም ውታፍ አወጣሁ። ስድስቱም እንደዚያው፤ ሦስቱ ውስጥ ግልገል አለ። ራቱንም መኝታውንም አዘጋጅቼ የጠራኋቸው እኔ ነኝ። በሩ ላይ ሙቅ የሚቀባ ዘበኛ።

እዚያው በጀርባዬ ተኝቼ ቀረሁ። ያን ጊዜ ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። ፈርቼም ነበር። አሻጥረኛው ማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ዝም ብል የሚያውቅ የለም። ሰኞ ቶሎሳ ይሄዳል፣ እኔም ቀዳዳውን በጭቃ መርጌ እቀመጣለሁ። ይህን ማሰቤን አልደብቅም። ረዘም ላለ ጊዜ ነው ያሰብኩት።

ጸሐይ ስትመለስ ቤቷ ሄድኩ። ውታፉን ሰጠኋት፣ ከየት እንዳወጣሁት ነገርኳት። አገላብጣ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ለማልቀስም ለመቆጣትም አቅም የነበራት አይመስለኝም። እኔም የልማዴን አልተውኩምና፣ ታዲያ ባልሽ እዚያ ምን ይሠራ ነበር አልኳት።

ውታፉን መለሰችልኝ። «ከነገርኩዎት የሚታሰረው እሱ ብቻ አይሆንም፣ ጋሽ ዓለሜ» አለችኝ።

ይህን ብላ ከሰሉን ልታራግብ ስትነሣ ቀሚሷን አየሁት። ጉልበቷ ላይ፣ በግራም በቀኝም፣ ክብ የአፈር ምልክት አለ። አምስት ጥንድ ጎድጓዳ ማለት አምስት ሰው ነው። ጸሎት ቤቱ ሲታሸግባቸው ከመንገድ የማይታይ ቦታ ያገኙት የእኔ ተጎታች ኋላ ነበር፤ ጎህ ሲቀድ እዚያ ይንበረከኩ ነበር። ሌሎቹ በአጥሩ በኩል ይወጡ ኖሯል፣ ከመስኮቴ አላየኋቸውም። ዱቄቱም ከቶሎሳ ልብስ የረገፈ ነው። ለዚህ ነው መሬት መሬት ያየው።

ልትናገር አፏን ስትከፍት «ተይ፣ አትንገሪኝ። ካልሰማሁ አልጠየቅም» አልኳት። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ብዬ አላውቅም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቀጥታ ቀበሌ ገባሁ። ጓድ ስብሐት ለተቆጣጣሪዎቹ የሚሰቀል መፈክር ያጽፍ ነበር። ስድስቱን ውታፍ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለትና ስለ ሙቁ አስረዳሁት። አንዱን አንሥቶ አሸተተው፣ አስቀመጠው። ሞኝ ሰው አልነበረም።

«እሺ፣ አይጥ ነው እንበል» አለ። «ጎህ ሲቀድ ከኋላው ምን ይሠራ ነበር? ይህን የነገርከኝ አንተ ነህ።»

«እኔ ልኬው ነው። ቀዳዳ እንዲያይልኝ» አልኩ።

«ሦስት ቀን?»

«ስድስት ቀዳዳ ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «አንተ ከላክኸው ለምን ጠቆምክበት?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ሌሊቱን ሁሉ ስዘጋጅ ያደርኩት ለአንዱ ጥያቄ ነው። እውነቱን ብናገር፣ ተጠራጥሬ ነው ብል፣ ያየሁት ሁሉ እንደገና እውነት ይሆናል፤ ቶሎሳም ተመልሶ ይጠየቃል። ጓድ ስብሐት ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም። እኔ ሰው ሳይ እንደዚህ ነበር የማየው ማለት ነው አልኩ በልቤ።

«ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አውቄ ነበር» አልኩት። «እንዳልጠየቅ በእሱ ላላክክ ብዬ ነው።»

እንዲህ ያለ ሰው አይደለሁም። ተጠራጣሪ እንጂ አውቆ ሰው የሚሸጥ አይደለሁም። ግን ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ያ ነው፣ ከሥሩም በተማርኩት ፊደል ዓለሜ ብዬ ፈረምኩበት። ጓድ ስብሐት «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» አለና ያለ ደስታ ሳቀ። ያመነኝ አይመስለኝም። ተቆጣጣሪዎቹ ሲመጡ ግን አንድ ጥፋተኛ ይበቃው ነበር፤ የፈረመ ከሆነ ደግሞ ይሻለዋል። ቁልፉን ከወገቤ አስፈታኝና ዘበኛውን ጠራ።

እስር ቤቱ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ያደረገው ቪላ የድሮ ጋራዥ ነው፤ ሲሚንቶው ላይ የሞተር ዘይት ሽታ አለ። እኔ ስገባ ቶሎሳ ወጣ። በሩ ላይ ተላለፍን። ለምን እንደተለቀቀ ገና አልተነገረውምና የእኔን ፊት ሲያይ የመጣሁት ሌላ ነገር ልጨምርበት መሰለው፤ ሸሸት ብሎ በግድግዳው ጥግ አለፈ።

የሚታሰር ሰው ምግቡ ከቤቱ ነው የሚመጣለት። እኔ ቤቴ ሰው የለም። ሰኞ ምሳ ሰዓት የሌሎቹ ስም ተጠራ፣ የእኔ አልተጠራም። የከፍተኛ ተራውም አሁን የእኔ ነበር፤ መቼ እንደሚወስዱኝ አላውቅም። ማክሰኞ ከሰዓት በፊት ረሃብ ሲጠናብኝ ጥግ ላይ ተጠቅልዬ ተኛሁ።

እኩለ ቀን ላይ ዘበኛው «ዓለሜ» ብሎ ጠራኝ። ኡሙሀኒ ትሆናለች ብዬ ወጣሁ። ቶሎሳ ነበር። ከሥራ ቀጥታ መጥቶ ነው፣ ቅንድቡ ነጭ ነው። በሁለት እጁ የጸሐይን ሳህን ይዟል። ዘበኛው ክዳኑን ከፍቶ አይቶ ራቅ አለ።

ምን ልበል? ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ቶሎሳ እንዳልናገር እጁን አነሣ። ጸሐይ ሁሉንም ነግራዋለች። ፊቱ ላይ ደግነት አልነበረም፤ ስድስት ቀን ሲሚንቶ ላይ የተኛ ሰው ፊት ነበር።

«ጋሽ ዓለሜ፣ አልዋሽዎትም» አለ በዝቅታ። «ይቅር እንድልዎት እየጸለይኩ ነው። ገና አልመጣልኝም። እስከዚያው ይብሉ።»

ሳህኑን በእጄ ላይ አስቀመጠና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሽንኩርት የበዛበት ምስር ወጥ ነበር። ቆሜ በላሁት።